የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ለኮሌጅ መምህርነት ማዘጋጀት

በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ የማስተማር ፍላጎት ያላቸው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በቅድሚያ የሚያነሡት ጥያቄ፣ ከሁለተኛ ወይም ከሦስተኛ ዲግሪ በተጨማሪ የማስተማር ሥልጠና ይጠየቁ እንደሆነ ነው። ምላሹ ሁለት ክፍል አለው። ለመቀጠር በአብዛኛው የሚጠየቀው በሙያ መስኩ የተገኘ ዲግሪ፣ በቂ የትምህርት ውጤትና የተቋሙን የቅጥር ፈተና ማለፍ ነው። በመምህርነት ጸንቶ ለመቆየትና በደረጃ ለማደግ ግን የማስተማር ሥነ ዘዴ ሥልጠና ያስፈልጋል፤ ይህም ሥልጠና በአመዛኙ የሚሰጠው ከቅጥር በኋላ ነው።

የዚህ አሠራር ውጤት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አዲሱ መምህር ሥልጠናውን እስኪያጠናቅቅ ድረስ ቢያንስ አንድ ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ፣ ያለ ዝግጅት ያስተምራል። መምህሩ በሁለተኛው ዓመት ሊሻሻል ይችላል፤ በመጀመሪያው ዓመት የተማሩት ተማሪዎች ግን ያንን ኮርስ ዳግመኛ አይወስዱትም። በመሆኑም የድኅረ ምረቃ ተማሪው ገና በትምህርት ላይ እያለ በራሱ ሊያደርጋቸው የሚችላቸውን ዝግጅቶች ማወቁ ለራሱም ሆነ ነገ ለሚያስተምራቸው ጠቃሚ ነው። መረጃው በመላ አገሪቱ ለሚገኙ ተማሪዎች የሚያገለግል ሲሆን፣ ለማሳያነት የቀረቡት ሁኔታዎች በአመዛኙ በአዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ከአብነትና ከመርካቶ አካባቢ የተወሰዱ ናቸው።

የመምህራን ደረጃና የተቋማት ዓይነት

የአገሪቱ ከፍተኛ ትምህርት የሚመራው በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ነው። ከዚህ በፊት አዋጅ ቁጥር 351/1995 እና እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 650/2001 ሥራ ላይ ውለው ነበር። የመምህራን ደረጃ ከታች ወደ ላይ ሲታይ ረዳት ምሩቅ፣ ረዳት ሌክቸረር፣ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰርና ፕሮፌሰር ነው። ረዳት ምሩቅ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ከፍተኛ ውጤት ካመጡት መካከል የሚመረጥ ሲሆን፣ ዋነኛ ሥራው የቱቶሪያል ክፍለ ጊዜን መምራት፣ በቤተ ሙከራ ማገዝና ፈተና በማረም መርዳት ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ያለው አመልካች በመደበኛው አሠራር በሌክቸረርነት ይቀጠራል። የመምህራን ቁጥር ባነሰባቸው ተቋማት ረዳት ምሩቆች ሙሉ ኮርስ ተረክበው ያስተማሩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ይህ ግን ደረጃው ከታሰበለት ዓላማ ውጪ ነው።

«ኮሌጅ» የሚለው ቃል በኢትዮጵያ የተለያዩ ተቋማትን ስለሚያጠቃልል አመልካቾች የትኛውን እንደሚፈልጉ አስቀድመው ሊለዩ ይገባል። በዩኒቨርሲቲዎች ሥር ያሉ ኮሌጆች የዩኒቨርሲቲያቸውን የሴኔት ሕግ ይከተላሉ። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች በአብዛኛው በክልል ትምህርት ቢሮዎች ሥር ናቸው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ግን በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በሚመራው ዘርፍ የሚገኙ ሲሆን፣ የሚያስተምረው ሰው «አሠልጣኝ» ይባላል፤ ደረጃውም ከላይ ከተዘረዘረው የአካዳሚክ ማዕረግ የተለየ ነው። ለእነዚህ ኮሌጆች ከዲግሪው ባልተናነሰ የእጅ ሙያ ብቃት ስለሚፈለግ፣ በምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሆኖ ማሽኑን በእጁ ያልነካ አመልካች ሊቸገር ይችላል።

በስም መመሳሰል ምክንያት በተደጋጋሚ የሚምታታ ሌላ ጉዳይ አለ። ፒ.ጂ.ዲ.ቲ. በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቀው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሚያስተምሩ የተዘጋጀ ነው። ኤች.ዲ.ፒ. የሚባለው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ደግሞ በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በማስተማር ላይ ላሉ መምህራን የሚሰጥ ነው። ፒ.ጂ.ዲ.ቲ. ያለው ሰው ያገኘው ዕውቀት በኮሌጅም ይጠቅመዋል፤ አንዱ የምስክር ወረቀት ግን ሌላውን አይተካም።

የዝግጅቱ ታሪካዊ መነሻ

ማስተማርን እየተማሩ መለማመድ ለአገሪቱ እንግዳ ነገር አይደለም። የአብነት ሰፈር ስም የሆነው ቃል «ምሳሌ» ማለት ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነባር ትምህርት ቤትም በዚሁ ቃል «የአብነት ትምህርት ቤት» ተብሎ ይጠራል። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ለብቻው ተቀምጦ የሚማርበት ጊዜ ትንሽ ነው። ፊደል የለየው ላልለየው ያሳያል። በቅኔ ቤት ከፍ ያለ ደረጃ ላይ የደረሰው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ፣ በመምህሩ ሥር እያለ፣ ከእርሱ በታች ያሉትን ያስጠናል። ዕውቀቱን ያጠናቀቀ ሰው ለማስተማር ሲነሣ ደግሞ በየሙያው ወደ ታወቀው የምስክር ቦታ ሄዶ ማስመስከር ይጠበቅበታል፤ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ የታወቁ ናቸው። ማወቅና ለማስተማር ብቁ ሆኖ መገኘት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ፣ ሁለተኛውም የራሱ ልምምድና ምስክር እንደሚያስፈልገው ሥርዓቱ አስቀድሞ ተረድቶታል ማለት ይቻላል።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ሲጀመር ይህ ልማድ አብሮ አልተሻገረም። እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ሆነ እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በእጅጉ የተደገፉት በውጭ አገር መምህራን ነበር። ጥሩ ውጤት ያላቸው ኢትዮጵያውያን ምሩቃን በረዳትነት ይቀሩና ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ይላኩ ነበር። ሲመለሱ የሚያስተምሩት በአብዛኛው እነርሱ በተማሩበት መንገድ ነበር። ለማስተማር ልምምድ ቅርብ የነበረው እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው፤ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያስገድድ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የተመደቡት በመምህርነት ነበር። አገልግሎቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የነበረውን የመምህራን እጥረት ለማቃለል የረዳውን ያህል፣ ወጣቶቹ በክፍል ፊት መቆም ምን እንደሚጠይቅ በራሳቸው እንዲያዩ አድርጓል።

መምህራንን የሚያሠለጥኑ መምህራንን ለይቶ በማዘጋጀት ረገድ ባሕር ዳር ቀዳሚ ስፍራ አላት። እ.ኤ.አ. በ1972 በዩኔስኮ ድጋፍ የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ለመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት የሚሆኑ ባለሙያዎችን ያፈራ የነበረ ሲሆን፣ ከፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ እ.ኤ.አ. በ2000 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆኗል። በአዲስ አበባ ደግሞ ኮተቤ ለረጅም ዓመታት የመምህራን ማፍሪያ ሆኖ ቆይቶ ዛሬ የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ በሚል ስያሜ ይታወቃል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 መከፈቱ የኮሌጅ መምህራንን በአገር ውስጥ ለማፍራት በር ከፍቷል። ትምህርቱ ግን የተቀረጸው ተመራማሪን ለማውጣት ነበር፤ ኮርሶቹ፣ ሴሚናሩና የመመረቂያ ጽሑፉ ተማሪው መስኩን ማወቁን እንጂ ማስተማር መቻሉን አይለኩም። መምህራን በቁጥር ጥቂት በነበሩበት ዘመን ይህ ክፍተት ጎልቶ አይታይም ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ሲሆኑ፣ ዛሬ ቁጥራቸው ከ40 በላይ ነው። በዚህ ፍጥነት ለተከፈቱ ተቋማት መምህር ሆነው የተመደቡት በአብዛኛው ከተማሪዎቻቸው በዕድሜ በጥቂት ዓመታት ብቻ የሚበልጡ ወጣቶች ነበሩ።

የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም

ክፍተቱን ለመሙላት የተዘረጋው ዋነኛ ሥልጠና ኤች.ዲ.ፒ. ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2003 ቴሶ በሚል ምኅጻር የታወቀው የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ማሻሻያ ሲሆን፣ መጀመሪያ የታለመው የመምህራን አሠልጣኞችን ነበር። በጎ ፈቃደኞችን በሚልከው ቪ.ኤስ.ኦ. በተባለው ድርጅት በኩል የመጡ ባለሙያዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥልጠናውን በመምራት ተሳትፈዋል። በኋላም የምህንድስናው፣ የጤናው፣ የግብርናውና የሌላው መስክ መምህራን እንዲገቡበት ተደርጓል።

ሥልጠናው በመደበኛ ሥራ ላይ ተደርቦ ለአንድ የትምህርት ዓመት የሚሰጥ ነው። ሠልጣኞች በትንንሽ ቡድን ሆነው በሳምንት በተወሰኑ ቀናት ይገናኛሉ። የራስን አስተማሪነት መመርመር፣ አሳታፊ የማስተማር ዘዴ፣ ተከታታይ ምዘና፣ በትምህርት ቤቶች ተገኝቶ ማየትና በራስ ክፍል ውስጥ የሚካሄድ ተግባራዊ ምርምር የሥልጠናው ዋና ዋና ክፍሎች ናቸው። ሠልጣኙ ሲያስተምር በአሠልጣኙና በሥራ ባልደረቦቹ ይታያል፤ ዓመቱን ሙሉ የሠራውን በፖርትፎሊዮ አደራጅቶ ያቀርባል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሴኔት ሕግ የምስክር ወረቀቱ ለደረጃ ዕድገት ከሚታዩት ማስረጃዎች አንዱ ነው።

የፕሮግራሙ ጥንካሬ ሠልጣኙ በዚያው ሳምንት የተማረውን በዚያው ሳምንት በክፍሉ ሊሞክረው መቻሉ ነው። ድክመቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ ሙሉ የማስተማር ጫና ያለበት መምህር ሥልጠናውን እንደ ተጨማሪ ሸክም ሊያየውና ለምስክር ወረቀቱ ብቻ ሊከታተለው ይችላል። አሳታፊ ትምህርት የሚለው ሐሳብም በአንዳንድ ክፍሎች ተማሪዎችን አምስት አምስት አድርጎ ከማስቀመጥ አላለፈም። በቡድን የተቀመጡ ተማሪዎች አንዱ ሲሠራ አራቱ ስም የሚያስመዘግቡ ከሆነ፣ ወንበሩ ዞረ እንጂ ትምህርቱ አልተለወጠም።

ከአመልካቾች አንጻር መታወቅ ያለበት፣ ፕሮግራሙ በመደበኛ አሠራሩ ተቋማት ለራሳቸው መምህራን የሚያዘጋጁት እንጂ ማንኛውም የድኅረ ምረቃ ተማሪ በግሉ ተመዝግቦ የሚወስደው አለመሆኑ ነው። በሌሎች አገሮችም ችግሩ ታውቆ መፍትሔ ተፈልጎለታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው የነገ መምህራንን የማዘጋጀት መርሐ ግብር የዶክትሬት ተማሪዎች ገና ሳይመረቁ በሌሎች ኮሌጆች ካሉ ነባር መምህራን ጋር ተጣምረው የመምህርነትን ሥራ እንዲያዩ ያደርጋል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የዲሪንግ ሪፖርት አዳዲስ የዩኒቨርሲቲ መምህራን በማስተማር ሥልጠና እንዲያልፉ ምክር አቅርቧል። የአሜሪካው ከቅጥር በፊት፣ የእንግሊዙ ከቅጥር በኋላ ላይ ያተኩራል፤ የኢትዮጵያው አሠራር ለሁለተኛው ይቀርባል።

ተማሪ ሳሉ መዘጋጀት

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ድኅረ ምረቃ ለመግባት አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ፈተናው የሚለካው የመማር ዝግጁነትን ስለሆነ፣ የማስተማር ዝግጅት ከዚያ በኋላ በተማሪው ጥረት የሚገነባ ነው። የተሟላ መርሐ ግብር ባይኖርም ዕድሎቹ በየቦታው አሉ።

ለአብነት አካባቢ ነዋሪ ቅርብ የሆነው ማሳያ በሆስፒታሎች የሚታየው ነው። በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በስፔሻሊቲ ትምህርት ላይ ያሉ ሬዚደንት ሐኪሞች ራሳቸው ተማሪዎች ናቸው። ሆኖም በየዕለቱ በሕሙማን አልጋ አጠገብ ኢንተርኖችንና የሕክምና ተማሪዎችን ያስተምራሉ፤ እነርሱ ሲያስተምሩ ደግሞ ከላይ ያለው ስፔሻሊስት ያያል፣ ያርማል። ከቅኔ ቤቱ አስነጋሪ ጋር ያለው መመሳሰል ግልጽ ነው። በሌሎች የትምህርት መስኮች ይህ ሰንሰለት በራሱ ስለማይመጣ ተማሪው ሊፈልገው ይገባል፤ አማካሪ መምህሩን ጠይቆ አንድ የቱቶሪያል ክፍለ ጊዜ መምራት፣ በቤተ ሙከራ ማገዝ፣ ወይም የአንድ ሰዓት ትምህርት አዘጋጅቶ መምህሩ ባለበት ማስተማር ይችላል። የመምህሩ መገኘት ዋናው ነገር ነው። ማንም ሳያይ አሥር ጊዜ ማስተማር ስሕተትን ልማድ ሊያደርግ ይችላል፤ አንድ ጊዜ ታይቶ መታረም ግን ለብዙ ጊዜ ይበቃል።

ዝግጅቱ ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በሒሳብ አያያዝ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማር የመርካቶ አካባቢ ነዋሪ ስለ ዕቃ ክምችት ዋጋ አሰላል ሊያስተምር ነው እንበል። የተለመደው መንገድ ትርጓሜውን በሰሌዳ ጽፎ፣ ቀመሩን አስቀምጦ፣ ከመጽሐፍ አንድ ጥያቄ መሥራት ነው። የተዘጋጀ መምህር ግን በጥያቄ ሊጀምር ይችላል። አንድ ነጋዴ 100 ኪሎ ግራም ቡና በኪሎ 600 ብር ገዛ፤ ከሳምንት በኋላ ሌላ 100 ኪሎ ግራም በ700 ብር ጨመረ። ከዚያ 150 ኪሎ ግራሙን በ800 ብር ሸጠ። ትርፉ ስንት ነው?

ተማሪዎቹ ያለ ቀመር ይሞክሩታል፤ መልሳቸውም አንድ ዓይነት አይሆንም። ሽያጩ 120,000 ብር መሆኑ ላይ ሁሉም ይስማማል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ወጣ ብሎ ያሰበው ተማሪ ወጪውን 95,000፣ ትርፉን 25,000 ብር ያደርገዋል። የሁለቱን ግዢ አማካይ የወሰደው ደግሞ ወጪውን 97,500፣ ትርፉን 22,500 ብር ያገኛል። ክፍሉ በሁለት ሐሳብ ሲከፈል መምህሩ መጋዘን ውስጥ የቀረውን 50 ኪሎ ግራም ይጠይቃል። በመጀመሪያው ስሌት የቀረው ቡና 35,000 ብር፣ በሁለተኛው 32,500 ብር ተመዝግቧል። የጎደለው 2,500 ብር አልጠፋም፤ ያለው በመጋዘኑ ሒሳብ ውስጥ ነው። ከዚህ በኋላ የሚሰጠው ትርጓሜና ቀመር ተማሪው ራሱ ለገጠመው ጥያቄ መልስ ይሆናል። ይህንን ለማድረግ መምህሩ ቁጥሮቹን አስቀድሞ መምረጥ፣ ተማሪዎች የት እንደሚሳሳቱ መገመትና የሚወስደውን ጊዜ መለካት ነበረበት። ሥራው ከመጽሐፍ ከመገልበጥ እጅግ ይበልጣል፤ አንድ ጊዜ ከተሠራ ግን ለዓመታት ያገለግላል።

የፈተና ዝግጅትም እንደዚሁ የሚለመድ ሙያ ነው። ብዙ አዳዲስ መምህራን ጥያቄ የሚያወጡት ለማውጣት ከሚቀለው ምዕራፍ ነው። ይህንን ለመከላከል የኮርሱን ይዘት በቁመት፣ የሚለካውን የዕውቀት ደረጃ በአግድም አድርጎ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ይመከራል። በ48 ሰዓት ኮርስ ውስጥ 12 ሰዓት የወሰደ ርእስ ከፈተናው ነጥብ ሩብ ያህሉን ማግኘት አለበት። ማስታወስን ብቻ የሚጠይቁት ጥያቄዎች ብዛትም በሠንጠረዡ ወዲያውኑ ይታያል። የድኅረ ምረቃ ተማሪው ከዚህ ቀደም የወሰደውን አንድ ፈተና በዚህ መንገድ ቢመረምር፣ ብዙ ይማራል።

ስለ ቋንቋ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በከፍተኛ ትምህርት የማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሲሆን፣ ተማሪዎች ከየክልሉ ተመድበው ወደ አንድ ክፍል ይመጣሉ። መምህሩ ነገሩ እንዲቀልላቸው በማሰብ ወደ አማርኛ ወይም ወደ ሌላ የአካባቢ ቋንቋ ሲሄድ፣ ከፊት የተቀመጡት ፊታቸው ሲበራ ከኋላ ያሉት ጥቂቶች ከትምህርቱ ውጪ ይሆናሉ፤ ዝም ስለሚሉም አይታወቁም። የሚሻለው በአጫጭርና ግልጽ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ማስረዳትን አስቀድሞ መለማመድ፣ ቁልፍ ቃላትን በሰሌዳ ጽፎ ማቆየትና ሥዕል ወይም ቁሳቁስ መጠቀም ነው። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ዳግም መጀመራቸው ይህንን ይበልጥ አስፈላጊ አድርጎታል፤ ከሁለተኛ ደረጃ የመጣ ተማሪ ዩኒቨርሲቲን የሚተዋወቀው በእነዚህ ብዙ ተማሪ በሚገኝባቸው ክፍሎች ነውና።

ከዚህ ጋር ስለ ሥነ ምግባር የሚነሣው በአጭሩ የሚነገር፣ በተግባር ግን የሚከብድ ነው። ወጣቱ መምህር ዕድሜው ለተማሪዎቹ ቅርብ ነው፤ በመካከላቸው የሠፈሩ ልጅ፣ የጓደኛው እኅት ወይም ዘመድ ሊኖር ይችላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ውጤት ሰጪ ነው። ነጥብን ለጥቅም ወይም ለዝምድና መስጠት፣ እንዲሁም ጾታዊ ትንኮሳ፣ ከሥራ ሊያሰናብትና በሕግ ሊያስጠይቅ የሚችል ጥፋት ነው። ተማሪን ለብቻ ማነጋገር ሲያስፈልግ በቢሮ ሰዓት፣ በር ከፍቶ ማድረግ፣ የፈተና ወረቀት ያረሙበትን መመዘኛ ጽፎ መያዝና ቅሬታ ሲቀርብ በዚያው መመዘኛ ማስረዳት መምህሩንም ተማሪውንም ይጠብቃል።

ለቅጥር ማመልከት

ዩኒቨርሲቲዎች የመምህራን ክፍት ቦታን በጋዜጣና በራሳቸው የመረጃ ገጾች ያስታውቃሉ። አመልካች ዋናውን የትምህርት ማስረጃ፣ የውጤት ግልባጭና የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ በሥራ ላይ ያለ ከሆነም መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠውን ደብዳቤ፣ በማስታወቂያው በተጠየቀው መሠረት ያቀርባል። ምዘናው በብዙ ተቋማት የጽሑፍ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅና አጭር የማስተማር ማሳያ ይኖረዋል። ለማሳያው የሚሰጠው ጊዜ አጭር በመሆኑ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለመጨረስ መሞከር የተለመደ ስሕተት ነው፤ አንድ ሐሳብ መርጦ፣ ከላይ እንደተገለጸው ምሳሌ በጥያቄ ከፍቶ፣ ገምጋሚዎቹን እንደ ተማሪ ማነጋገር ይመረጣል። የተዘጋጀ የአንድ ኮርስ ዕቅድ፣ የፈተና ሠንጠረዥና መምህር ተገኝቶ ባየው ትምህርት ላይ የሰጠው የጽሑፍ አስተያየት ያለው አመልካች በቃለ መጠይቁ የሚናገረው ነገር አያጣም።

ከተማሪዎቹ መካከል ብዙዎቹ ቀድሞውኑ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ሆነው በትምህርት ፈቃድ የመጡ ናቸው። እነዚህ ሲመለሱ በውላቸው መሠረት የማገልገል ግዴታ ስላለባቸው ወደ ሌላ ተቋም ከማመልከታቸው በፊት ውላቸውን መመልከትና ከላካቸው ተቋም የመልቀቂያ ሁኔታን ማጣራት ይጠበቅባቸዋል።

በግል ኮሌጅ የሚማሩ ወይም ለማስተማር የሚያመለክቱ ሁሉ ዕውቅና ለተቋሙ ስም በጅምላ የሚሰጥ ሳይሆን ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ መሆኑን ሊያስተውሉ ይገባል። በመርካቶ ዙሪያ አንድ ሕንፃ ላይ የተለጠፈ የኮሌጅ ስም፣ በዚያ ቅርንጫፍ የሚሰጠው የማስተርስ ትምህርት ዕውቅና አለው ማለት አይደለም። ይህን ማጣራት የሚቻለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሲሆን፣ ከመመዝገብና ከመክፈል በፊት መሆን አለበት። ከውጭ አገር ተቋም የተገኘ ዲግሪ ያላቸውም የአቻ ግምት የሚያገኙት ከዚሁ ባለሥልጣን ነው። የአቻ ግምቱ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል የቅጥር ማስታወቂያ ሳይጠብቁ አስቀድመው ማመልከታቸው ተገቢ ነው።